እርከኑን ያፈረስኩት እኔ ነኝ

ከኅዳር 2006 ጀምሮ ከሳዑዲ ከተባረሩት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቦሌ ስወርድ እንደ ብዙዎቹ ባዶ እጄን አልነበርኩም፤ ቀደም ብዬ ለአባቴ እየላክሁ ያስቀመጥኳት ብር ነበረች። ስለዚህ አዲስ አበባ ሳልውል ሳላድር ወደ ራያ ቆቦ፣ ወደ አባቴ መሬት ሄድኩ። አራት ጥማድ ነው፣ አንድ ሄክታር ገደማ። ዘመናዊ ገበሬ እሆናለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲንከባከበው የኖረውን አፈር አስበላሁት። ድርቁም ጎርፉም ድርሻ አላቸው፣ አልክድም። በሩን የከፈትኩላቸው ግን እኔ ነኝ፣ ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይከፍትላቸው ነው።

አገሩን ለማታውቁት፣ ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። ሜዳ ነው። በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ተራራ፣ በምሥራቅ ዞብል። ዝናቡ ሜዳው ላይ ብዙም አይጥልም፤ ተራራው ላይ ይዘንብና በጎሊናና በሆርማት ወንዞች በኩል ጎርፍ ሆኖ ይወርድልናል። የእኛ ሰው ጎርፍን ጠልፎ ማሳው ውስጥ ማስገባት የሚያውቅ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ተራራው ሲጠቁር ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣል። ጎርፉ ቀጭን ደለል ያመጣለታል፣ ለወራት የሚሆን እርጥበት ይተውለታል። ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ግን አይቼ አላየሁትም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ እርከኑ ነው። አባዬ ማሳውን ሦስት ቦታ የሚያቋርጥ የድንጋይ እርከን ነበረው። እኔ ሳየው መሬት ይበላል። አይጥ ይራባበታል፣ ይሄ እንኳን እውነት ነው፣ እርከን ያለው ገበሬ ሁሉ የሚያማርረው ነገር ነው። ከሁሉም በላይ የተከራየሁት ትራክተር መዞሪያ አጣ። በሁለት ቀን ድንጋዩን አስነሳሁና ለቤት መሠረት ሸጥኩት። አባዬ ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና "ልጄ፣ ሰው ድንጋይ የሚደረድረው ሥራ ፈትቶ ይመስልሃል?" አለኝ። ሳቅኩ። ትራክተሩ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ላይ ወደ ታች አረሰው። ሲያልቅ ያምር ነበር፣ ፎቶ አንስቼ ጅዳ ለቀሩት ጓደኞቼ ሁሉ ልኬያለሁ። ፎቶው ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። ትልሞቹ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ይታያሉ። ለውሃው መንገድ ጠርጌ የሰጠሁት ያኔ ነው።

የዚያ ዓመት ምርት ደግሞ ክፉ አልነበረም። ያሳሳተኝም ይሄ ነው።

2007 መጣ። በልጉ ቀረ። ኤልኒኖ የሚባለውን ነገር ያኔ ነው ከሬዲዮ የለመድነው። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ስለሞቀ ቆቦ ላይ ዝናብ ይጠፋል ሲሉ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። የእኛ ነባር ማሽላ፣ ደጋሊትና ጅጉርቲ የምንላቸው፣ ሚያዝያና ግንቦት ይዘራሉ፤ ስድስት ሰባት ወር ይፈልጋሉ። በልግ ከሌለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ግን በደረቁ ዘራሁ። ካፊያ መጣች፣ በቀለ፣ ደረቀ። ደግሜ ዘራሁ፣ ደረቀ። ሐምሌ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ዘራሁ፣ ያውም ያንኑ ሰባት ወር የሚፈጀውን ዘር! ቀድሜ ብጠይቅ የልማት ሠራተኛው ቶሎ የሚደርስ ዘር ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ትንሽ ጥሎ ሄደ፣ ማሽላው ሳያሽት ቀረ። ጎተራ ውስጥ ለዘር የሚሆን አንድ ቁና እንኳን አልተረፈም።

አባዬ የ77ቱን ረሃብ ያለፈ ሰው ነው። ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም። በ2007 ግን ሁለተኛውን ዘር ልዘራ ስወጣ "ግማሹን ተወው፣ ዘር ቤት ይደር" ብሎኝ ነበር። ታኅሣሥ 2008 ላይ በአገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ነው ሲባል፣ እኛም ቤት ከዚያ ቁጥር ውስጥ ነበርን። ከሳዑዲ ብር ይዞ የመጣው ልጅ ስንዴ ሊቀበል ሰልፍ ያዘ። ይሄን መጻፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ ስለ በሬ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሁለት በሬ ነበረን። ይዘንባል ይዘንባል እያልኩ ጠበቅኩ። ጎድናቸው እስኪቆጠር ድረስ። መጨረሻ ላይ አንዱን በ3,500 ብር ሸጥኩት፣ ሥጋ ላይ እያለ ቢሆን 10,000 የሚያወጣውን። ሁለተኛው ሞተ። በልጉ እንደቀረ ካያችሁ፣ ሁሉም ሰው ገበያ ሳያወጣ አንዱን ሽጡና በዚያ ብር ለሌላው መኖ ግዙ። ሰኔን አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ። ማሽላው ፍሬ ባይሰጥም አገዳ ነበረው። እሱን ከሥሩ አስነቅዬ ለከብት አደላቢዎች ሸጥኩ። የቀረውን ጉቶ እናቴ ለማገዶ ለቀመችው፣ ምን ታድርግ። ኩበቱም ምድጃ ገባ። መሬቱ ራቁቱን ቀረ፣ ለወራት ፀሐይ ቀቀለው። ነፋስ ሲነሳ የእኛ ማሳ አቧራ ከሩቅ ይታይ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት፣ ሐምሌ 2008፣ ዝናቡ ጥሩ ነው ተባለ። ዘር ተበድሬ ዘራሁ። ዩሪያ ማዳበሪያም በትኛለሁ፣ ግማሽ ኩንታል። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። እናቴ እልል አለች፣ እውነቴን ነው። እኝኝ ብሎ የሚዘንብ መስሎን ነበር፤ ዶፍ ሆነ። አርባ ደቂቃ ያህል ጣለና አቆመ። ከዚያ ጎርፉ መጣ። ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ፣ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ ያለው ድምፅ ነው። ድንጋዩ እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው እንደዚያ የሚያሰማው።

ጠዋት ሄድን። ከላይኛው ጥማድ አፈሩ የለም፣ ጭንጫው ወጥቷል። ታችኛው ጥማድ ላይ አሸዋ ተቆልሏል፣ ጉልበት ይደርሳል። መሐል ለመሐል፣ ልክ ትራክተሩ ባወጣው ትልም መስመር፣ ሰው ገብቶ የሚቆምበት ቦረቦር ተቆፍሯል። አባዬ ምንም አላለም። ዶማ አነሳና ጎርፉ ካልነካው ቦታ ላይ መቆፈር ጀመረ። ከላይ ሁለት ጣት የሚሆን ጭቃ። ከሥሩ ዱቄት፣ እፍ ብትሉት የሚበን። ያን ሁሉ ዝናብ መሬታችን አልጠጣውም! ውሃው ከላዩ ላይ ተንሸራቶ ሄዷል። አባዬ ከጉድጓዱ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ዘገነና እጄ ላይ አስቀመጠው።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። አፈርን አንድ ላይ የሚይዘው የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ፍግ ነው፣ እንደ ሙጫ። ያ ሲያልቅ አፈሩ ይደቃል። የመጀመሪያው ዶፍ ሲመታው ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍንና ከላይ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊት ከሠራ ውሃ አይገባም፣ ያልገባ ውሃ ደግሞ ይሮጣል፣ ሲሮጥ ይዞ የሚሄደው መጀመሪያ ያንኑ ለሙን የላዩን አፈር ነው። የዚያን ያህል አፈር መልሶ ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። የአየሩ መሞቅ የሚያከፋውም ሁለቱንም ጎን ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ከመሬቱ የበለጠ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲያወርደው ደግሞ አንዴ ነው የሚደፋው። ስለዚህ ድርቅና ጎርፍ እየተፈራረቁ ይመጣሉ ማለት ነው፣ አንዱ ያደቀቀውን ሌላው ጠርጎ ይወስዳል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ብርጭቆ ይበቃል። ከጓሯችሁ፣ አመድና ፍግ ከሚጣልበት ቦታ፣ እንቁላል የምታክል ደረቅ ጓል አምጡ። ከማሳችሁም እንደዚያው። ሁለቱንም ቀስ አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። እኔ ስሞክረው የማሳዬ ጓል ቡና ሳይፈላ ፈርሶ ውሃውን ጭቃ አደረገው። የጓሮው ሲመሽም እንደተቀመጠ ነበር። እናቴ "ይሄ ሁሉ ትምህርት ብርጭቆ ውስጥ ነው እንዴ" ብላ ስቃለች። ዛሬም በየዓመቱ እሞክረዋለሁ።

ከጎርፉ በኋላም ተሳስቻለሁ። በዩሪያው ልጀምር። ከፊሉ ታጥቦ ሄደ፤ ውሃ በተኛበት ታችኛው ጥማድ የቀረውም አልጠቀመም፣ አፈር አየር አጥቶ ለቀናት ሲሰነብት ናይትሮጅኑ ወደ አየር ያመልጣል። ውሃው ሳይመጥ ደግሜ ብበትን ያው ብር ማቃጠል ነበር። ያንን እንኳን ብር ስላልነበረኝ አላደረግኩትም። ያደረግኩት ሌላ ነው። ጭቃው ሳይጠነክር በሬ ተውሼ ገባሁ። ጊዜ አለፈብኝ ብዬ። በሬው የረገጠው፣ ማረሻው የፈነቀለው ሁሉ ሲደርቅ ሸክላ ሆነ፣ ዶማ የማይበግረው። እርጥብ አፈር በመዳፋችሁ አድቦልቡላችሁ ስትጥሉት ካልተፈረካከሰ አትግቡ። ሦስት ቀን መቆየት አንድ ዓመት ያተርፋል።

የጎረቤታችን ማሳ ከእኛ አጠገብ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ትራክተር ሲያርስ ካዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ዓይነት። ያው ጎርፍ ነው የመጣባቸው፣ የእሳቸው ግን ቆሟል። ሄድኩና "አያ፣ አንቱ ምን አድርገው ነው?" አልኳቸው። ይዘውኝ ዞሩ። ጎርፉ በአንድ በር አይገባም፣ አራት አምስት ቦታ በትንንሽ ቦይ ተከፋፍሎ ነው የሚገባው። የእርከኑ ጫፍ ላይ መፋሰሻ አለ። አገዳውን ግማሽ ክንድ ከፍ አድርገው ነው ያጨዱት፣ ጉቶው ሥሩ ጋር ማሳው ላይ አለ፤ በድርቁ ዓመት እንኳን አልነቀሉትም። "ከብቴ ተርቧል፣ መሬቴም ይራባል" አሉኝ። ግማሽ ግማሽ ያካፍሏቸው ነበር።

የሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ታሪክ አሰልቺ ነው፣ ድንጋይ መሸከም ነው። የሸጥኩትን ድንጋይ በውድ ገዛሁ። አሸዋውን ለግንበኞች ሸጥነው፣ ድንጋዩ መግዣ የሆነው እሱ ነው። አሸዋ ጣት ሁለት ጣት ከሆነ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይታረሳል፤ ጉልበት የሚደርስ ከሆነ ግን ማንሳት ብቻ ነው መፍትሔው። ጥር ላይ በተፋሰስ ሥራው ዘመቻ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቦረቦሩ ላይ ክትር ሠራን። አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው እርከኔ በመጀመሪያው ጎርፍ ተበጠሰ፣ ምክንያቱም መፋሰሻ አልተውኩለትም። ውሃ መውጫ ከነፈጋችሁት ራሱ ያወጣል። ሁለተኛ፣ በዓይን ግምት አትሥሩ፤ ገመድና ውሃ ልክ ይዛችሁ ልኩን ተከተሉ። እርከኑ አናት ላይ ሳር ተከልን፣ ድንጋዩን ይይዛል፣ ለላሟም መኖ ሆነ።

ከሁሉም ቶሎ ውጤት ያየሁበት ግን ትልም መዝጋቱ ነው። ትልሙን ተዳፋቱን አቋርጣችሁ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ በየሦስት አራት እርምጃው በአፈር ትዘጉታላችሁ። ትንንሽ ገንዳ ይሆናል። ዶፍ ሲመጣ እያንዳንዱ ገንዳ የደረሰውን ይይዛል። የእኛን በመሰለ ቀላል አፈር ላይ ነው ይሄ፤ መሬታችሁ ከባድ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ወይም መረሬ ከሆነ ውሃ ይተኛበትና ሰብሉ ቢጫ ይሆናል፣ እዚያ ላይ በተቃራኒው ፈሰስ ማውጣት ነው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ሽልሻሎ፣ በበቀለው ሰብል መሐል ቀለል አድርጎ ማረስ፣ አይቅርባችሁ። እኔ እንኳን የአያቶች ወግ ብዬ ትቼው ነበር። ቅርፊቱን ይሰብራል፣ አረሙን ይገለብጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ መግቢያ ያገኛል።

ዘር ላይ አሁን ሁሉን እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ አላስቀምጥም የሚሉት ዓይነት ሰው ሆኛለሁ። በልጉ ከመጣ ሁለት ጥማድ ነባሩን ደጋሊት። ካልመጣ አልሟገትም፤ ሰኔ መጨረሻ ሐምሌ መግቢያ ጠብቄ ቶሎ የሚደርሱትን፣ እነ መልካምን፣ እነ ግራና አንድን እዘራለሁ። አራት ወር ገደማ ነው የሚፈልጉት። ጉድለት አላቸው፣ አገዳቸው አጭር ነው፣ ለከብት አይበቃም፣ ቀድሞ ስለሚደርስ ወፍ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እሱም ካመለጠ ማሾ አለ፣ ከ60 እስከ 70 ባለው ቀን ይደርሳል። ጎርፍ ዘግይቶ መጥቶ ማሳውን ካጠጣው ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራ። ብቻ አንድ ዘር ብቻ ይዛችሁ ሰማይ አትዩ። ጎተራ ውስጥም ለአንድ ሙሉ ወቅት የሚሆን ዘር ምንም ቢመጣ አይነካም። የእናቴ ቁልፍ ነው፣ እኔ እንኳን አልደርስበትም።

የማሽላን ሥር የሚመጠውን አረም፣ አቀንጭራን፣ አልረሳውም። ጎርፉ ካመጣብን ዕዳ አንዱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ታችኛው ጥማድ ሐምራዊ አበባ ለበሰ፣ የማያውቅ ሰው ያምርበታል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች ትበትናለች፣ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። የሚወደው ደግሞ የተራበ አፈር ነው። ሳያብብ ንቀሉት፣ አብቦ ከሆነ ማሳው ውስጥ አትጣሉት፣ አቃጥሉት። ጥራጥሬ አፈራርቁ፣ ፍግ ጨምሩ። ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት የማሽላ ዘሮች ይቋቋሙታል። እኛ ሦስት ዓመት ታግለነዋል፣ አሁንም ዳር ዳሩ ላይ አለ።

ቁጥሩን ለሚፈልግ፣ ከዚያች አንድ ሄክታር በ2007 ምንም አላገኘንም። በ2008 አምስት ኩንታል። በ2011 ሃያ ሦስት። በ2013 ጥቅምት ላይ አንበጣ መጣ፣ ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን የሆነውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ማሳው ለሁለት ወቅት በቅጡ ሳይታረስ ከርሟል። ስንመለስበት ግን እርከኑ ቆሞ ነበር፣ ሳሩም ወገብ ደርሷል።

ባለፈው ክረምት ዶፍ ጥሎ ባደረ ማግስት አባዬን ይዤ ወጣሁ። አሁን ዶማ ማንሳት አይችልም፣ እኔ ቆፈርኩ። ክንድ ድረስ እርጥብ ነው። ጎንበስ ብሎ ነካው፣ ጣቱን አሸት አሸት አደረገና ቀና አለ። እርከኑን አየት አድርጎ "አይጡ ተመልሷል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማሽላውን ከሥር እየቆረጠው ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ድመት ገዛሁ።